ልጅ ያጣው ደን

ስለ አጥቢያ ዐጸድ ታሪክና በምእመናን እጅ ስለ ተሠራው እድሳት

በዚህ ዘመን መናፈሻ ማበጀት ለታላላቅ ከተሞች የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። በአዲስ አበባም ለምሳሌ ያህል በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ መናፈሻ ተከፍቶ፥ ሕዝቡ ከጭስና ከጩኸት ጥቂት የሚያርፍበት ስፍራ አግኝቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ዳሩ ግን መናፈሻ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ባለጠጋም ሆነ ድኻ፥ ገበሬም ሆነ ነጋዴ፥ ዋጋ ሳይከፍልና ማንም «ከየት መጣህ?» ሳይለው የሚቀመጥበት አንድ ጥላ በየአጥቢያው ከጥንት ጀምሮ አለው። ይኸውም የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ነው።

በዚህ ዐጸድ ውስጥ እናት የአርባ ቀን ወንድ ልጇን ወይም የሰማንያ ቀን ሴት ልጇን ታቅፋ ክርስትና ለማስነሣት ትጠባበቃለች። ሽማግሎች የተጣሉትን ከዛፍ ሥር አስቀምጠው ያስታርቃሉ። ሰንበቴው ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውን የሚቈርሰው፥ ጠላውንም የሚቀዳው በዚያው ነው። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ዳዊቱን የሚደግመው፥ ቅኔውንም የሚቈጥረው በዚያው ጥላ ነው። በመጨረሻም የብዙዎቻችን አባቶችና እናቶች ያረፉት ከእነዚያው ዛፎች ሥር ነው። ስለዚህ ዐጸዱ ለአጥቢያው ሰው ትምህርት ቤትም፥ ሸንጎም፥ መናፈሻም፥ የዕረፍት ስፍራም ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናስተምራቸውን ልጆች ይዘን በትምህርት ቤታችን አጠገብ ወደሚገኝ አንድ ደብር ሄድን። የሰጠናቸው ሥራ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ዛፍ መርጦ፥ ከዚያ ዛፍ ዘር በቅሎ ከጉልበቱ በላይ የደረሰ ችግኝ እንዲፈልግና እንዲቈጥር አዘዝነው። ልጆቹ በደስታ ተበተኑ፤ ጽዱን፥ ወይራውን፥ ዝግባውን ተካፈሉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሣሩን ሲገልጡ፥ ቅጠሉን ሲያገላብጡ ቈይተው፥ ባዶ ወረቀታቸውን ይዘው አንድ በአንድ ተመለሱ። ከመካከላቸውም አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ወይራው እያመለከተች፥ «መምህር፥ ይህ ዛፍ ልጅ የለውም» አለችን።

እኛም ያን ዕለት የምንመልስላት ቃል አጣን። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ግንዱ ወፍራም፥ ጥላው ሰፊ፥ ወፉም ብዙ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ብቻ ያለበት፥ ጐልማሳና ሕፃን የሌለበት መንደር ምን ዓይነት መንደር ነው? አንድ ሽማግሌ በሞተ ቍጥር አንድ ቤት ይዘጋል እንጂ የሚተካ የለም። የብዙዎቹ ዐጸዶቻችን ነገር እንዲሁ ነው። ጥፋቱ እንደ መጥረቢያ ድምፅ ስለማይሰማ እኛም ሳናውቀው ዘመን ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደ ሆነ፥ እንዲሁም አንዳንድ አጥቢያዎች በገዛ እጃቸው ምን መድኀኒት እንዳገኙለት ለአንባብያን ለመግለጽ እንወዳለን።

የዐጸዱ ጥንት

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን ሲያንጹ ዛፍን አብረው መትከላቸው፥ ወይም የነበረውን ሳይቈርጡ መተዋቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም። አዳም በመጀመሪያ እንዲኖርበት የተሰጠው ስፍራ ዕፀዋት የሞሉባት ገነት እንደ ነበረች፥ ሥራውም እርስዋን መንከባከብና መጠበቅ እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት ያስተምረናል። ስለዚህ ዐጸዱ የዚያች ገነት ምሳሌ ሆኖ ተቈጠረ። አረጋውያን ካህናት ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ይላሉ፤ ዛፍ የሌለውን ደብር ሲያዩም የተራቈተ ሰው እንዳዩ ሆነው ያዝናሉ። ደግሞም ከታቦቱ የተነሣ ቅድስናው በግድግዳው ተወስኖ እንደማይቀር፥ በዙሪያው አርባ ክንድ ያህል እንደሚዘረጋ በብዙ ስፍራ ሲነገር እንሰማለን። ከዚህም የተነሣ በዐጸዱ ያለውን ዛፍ ያለ ካህናቱና ያለ ሽማግሎቹ ፈቃድ መቍረጥ ነውር፥ ከዚያም አልፎ ኀጢአት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል።

አባቶቻችን የነበረውን ከመጠበቅ አልፈው አዲስ መትከልንም ያውቁ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በመናገሻ ተራራ ላይ የሚታየው የጽድ ደን፥ በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ደን ከሰማይ ወርዶ የሚገኝ ሳይሆን ከአንዱ ስፍራ ዘሩ ተለቅሞ፥ በሌላው ስፍራ ተዘርቶ፥ በጥበቃ የሚያድግ ነው ማለት ነው።

ዛፉም በበኩሉ ለአጥቢያው ውለታውን ሲከፍል ኖሯል። ከወይራው መቋሚያ ይወጣል፤ ከዋንዛው ግንድ ከበሮ ይቦረቦራል፤ የእንዶዱ ፍሬ ነጠላውንና ጋቢውን ያነጻል፤ የኮሶው አበባ ለብዙ ትውልድ የሆድ ትል ማስወጫ ሆኖ ኖሯል። ሥሩ አፈሩን ይዞ ዝናቡ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ስለሚያደርግ ምንጩ ቶሎ አይነጥፍም። በዋሻውና በቅርንጫፉ የሚኖረው ንብ ወደ ጎረቤት እርሻ ወጥቶ የኑጉንና የባቄላውን አበባ ይጐበኛል። ኑግ ያለ ንብ እርዳታ ደኅና ፍሬ እንደማይሰጥ ልብ ያለው ገበሬ ሁሉ ይረዳዋል። እንግዲህ ከደኑ ርቆ የሚያርሰው ሰው እንኳ ከደኑ ማዕድ ይበላል ማለት ነው።

ደሴት የሆነው ደን

በቀድሞ ዘመን የደብሩ ደን ብቻውን አልነበረም። በዙሪያው ቍጥቋጦ፥ ከዚያም ወዲያ የግጦሽ ሜዳና ሌላ ዱር ስለ ነበረ፥ ወፉ የአንዱን ደብር ፍሬ በልቶ በሌላው ደብር ዐጸድ ይጥለው ነበር። በዚህ ዓይነት ደኖቹ እንደ ዘመዳሞች ዘር ይለዋወጡ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ጣልያኖች ከአውሮፕላን ላይ ያነሡት ፎቶግራፍ፥ ያነሡት ለጦርነት ሥራ ቢሆንም፥ ለዛሬ ሊቃውንት መልካም ምስክር ሆኗል። ተመራማሪዎች ያንን ፎቶግራፍ ከቅርብ ዓመታት ምስል ጋራ አስተያይተው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት ሁለት ነገር አስረድተዋል። አንደኛው የሚያጽናና ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ በዙሪያው ያለው ዱር ሲጠፋ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ግን በስፍራቸው ጸንተው ቈይተዋል። ሁለተኛው የሚያሳስብ ነው፤ በዙሪያቸው የነበረው ቍጥቋጦ ጠፍቶ እርሻው እስከ ደኑ ጫፍ ደርሷል፥ በብዙዎቹም ውስጥ ዛፉ ሳስቷል፥ ከጥንቱ ዛፍ ጐን ደግሞ ባሕር ዛፍ ገብቷል። እንግዲህ ደኑ በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ሆኗል፤ የከበበው ባሕር ግን የታረሰ መሬት ነው።

የዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ በዝቷል፤ የበዛውም ሕዝብ እርሻና ማገዶ ይሻል። ከዚህም ጋራ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ፥ ቤተ ክርስቲያን ሰፊውን ይዞታዋን አጣች፤ ለብዙዎቹም ደብሮች ቤተ መቅደሱ የቆመበት ዐጸድ ብቻ ቀረላቸው። የዐዋጁን ደግነትና ክፋት ለመመርመር ይህ ስፍራው አይደለም። ለተነሣንበት ጕዳይ የሚጠቅመው ይህን ማወቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደኑን ከእርሻው የሚለየው ድንበር ብዙ ጊዜ የገበሬው ሕሊና ብቻ ሆነ። በሬው በዞረ ቍጥር አንድ ትልም ወደ ውስጥ ቢገባ ማንም አያስተውለውም፤ የሃምሳ ዓመት ትልም ሲደመር ግን ብዙ ዛፍ የሚቆምበት መሬት ነው።

ከትልሙ ይልቅ የከፋው ግን ከብቱ ነው። በበጋ ወራት ሜዳው ሲደርቅ ለምለም ሣር የሚገኘው በደብሩ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ላሙም ፍየሉም ወደዚያ ይነዳል። ከብቱ ታላቁን ዛፍ አይጐዳውም፤ ስለዚህ እረኛውም ካህኑም ክፉ ነገር የተደረገ አይመስላቸውም። ዳሩ ግን ከብቱ አፈሩን በሰኮናው ስለሚጠቀጥቀው፥ የወደቀው ዘር ሥር የሚሰድበት ልል አፈር ያጣል። እንደ ምንም የበቀለውንም ችግኝ ፍየሉ በአንድ ጊዜ ይቀነጥበዋል። በዚህ ዓይነት ዛፉ በየዓመቱ ያፈራል፥ ፍሬውም ይወድቃል፥ ይበቅላል፥ ነገር ግን ከስንዝር አያልፍም። የትንሽዋ ተማሪያችን ዛፍ ልጅ ያጣው መካን ስለ ሆነ አይደለም፤ ልጆቹ በሕፃንነታቸው ስለሚቀጠፉበት ነው።

ሊቁ ያጠኑት

ይህን ነገር በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች መካከል አንዱ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው በልብ ወለድ ድርሰታቸው ነው፤ የትምህርት ሙያቸው ግን የደን ጥናት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በሆላንድ አገር በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ማዕርግ ያቀረቡት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚናገር ነው።

እኒህ ሊቅ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን እየዞሩ መርምረው፥ በጠቅላላው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ መዘገቡ። ከእነዚህም 160ዎቹ የገዛ አገራችን ዕፀዋት ናቸው። ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ የማይሞላ ነበር። ደግሞም የአንዱ ደብር ዛፍ ከሌላው ደብር ዛፍ ጋራ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አልተገኘም፤ የደጋው ከወይና ደጋው ይለያል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ዐጸድ በጠፋ ጊዜ «ሌላ ደብር አለ» ብሎ መጽናናት አይቻልም። በዚያ ዐጸድ የነበረው ዘር በጎረቤት ደብር ላይገኝ ይችላልና።

ከዚያም ወዲያ ተመራማሪው በደብረ ሰናና በገላውዴዎስ ደኖች ውስጥ አንድ ፈተና አደረጉ። የጽድ፥ የወይራ፥ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘርና ችግኝ ወስደው፥ ከፊሉን ከብት በማይገባበት አጥር ውስጥ፥ ከፊሉንም አጥር በሌለው ስፍራ አኖሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 በታተመው ጥናታቸው እንደ ገለጹት፥ በአጥሩ ውስጥ ያለው ዘር የተሻለ በቀለ፥ ችግኙም የተሻለ አደገ፥ በሕይወትም ሰነበተ። ሌላው ጥናታቸው ደግሞ የብዙዎቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ረዥም ዘመን እንደማይቈይ ያሳያል። ይህ ማለት ታላቁ ዛፍ ከሞተ በኋላ «ዘሩ በመሬት ውስጥ አለ፤ አንድ ቀን ይበቅላል» ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። እናቲቱ ሳለች ካልተተካች ከሞተች በኋላ የምትተካበት መንገድ ጠባብ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ይሰማዋል፤ ኀዘንና ተስፋ። ኀዘኑ ስላለፈው ዘመን ነው። ተስፋው ግን መድኀኒቱ ውድ ባለመሆኑ ነው፤ ከብት የማያሳልፍ አጥር ነውና።

በደቦ የተካበ ካብ

ከዚህ በኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቱ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው ካህናቱን ሰብስበው ማነጋገር ጀመሩ። ለካህናቱም ከሰማይ የተነሣ የአጥቢያቸውን ምስል አሳዩአቸው። ደኑን ዕድሜ ልካቸውን ከውስጥ ሆነው ሲያዩት የኖሩት አባቶች፥ በዚያች ቀን በሰፊው ቡናማ እርሻ መካከል እንደ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ አዩት። ሰው የገዛ ቤቱን ከውጭ ሆኖ ሲያይ ያላሰበው ነገር ይታየዋል። ካህናቱም ደኑ እየጠበበ መሆኑን ሌላ ሰው እንዲያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ የተነሣ በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ አጥቢያዎች ዐጸዱን በድንጋይ ካብ ማጠር ተጀመረ። ድንጋዩ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከገበሬዎቹ ማሳ የተለቀመ ነው። በደጋው አገር ድንጋይ የእርሻ ጠላት መሆኑን ያረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማረሻውን ያዶለዱማል፥ ሞፈሩን ይሰብራል፥ በሬውን ያደክማል። እንግዲህ ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ ለደብሩ ሲሰጥ፥ በአንድ ሸክም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እርሻውም ይጸዳል፥ ደኑም ይታጠራል። ከውጭ የመጣው ገንዘብ ለሥራው ረዳት ሆኗል፤ የካቡ አካል ግን የሕዝቡ ድንጋይ፥ የሕዝቡ ትከሻና የካህናቱ ቃል ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት በእንዲህ ያለው ሥራ ተፈጸመ።

በአንዳንድ ስፍራም ካቡ ከደኑ ጠርዝ ጋራ ተጣብቆ ሳይሆን ጥቂት ራቅ ብሎ ወደ ውጭ ተካበ። ይህ አሳብ ትልቅ ነው። ካቡን ከዛፉ አጠገብ የሚያቆም ሰው ያለውን ብቻ ይጠብቃል፤ ራቅ አድርጎ የሚያቆም ሰው ግን ገና ላልተወለደው ስፍራ ይተዋል። ልጁ ከማግባቱ በፊት የጐጆ መሥሪያ ቦታ እንደሚያስቀምጥለት አባት ማለት ነው።

ስለ ካቡ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በባዕድ ገንዘብ ብቻ የታጠረ አጥር ጠባቂው ሲሄድ ይፈርሳል። ብዙ የሽቦ አጥር በአገራችን ተዘርግቶ ሽቦው እየተቈረጠ ለልብስ ማስጫ እንደ ዋለ ሁላችንም አይተናል። ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ ያመጣ ሰው ግን ካቡ በአንድ ስፍራ ቢናድ በሚቀጥለው ሰንበት መልሶ ይክበዋል። ልጁም ከብቱን ይዞ ወደዚያ ቢቀርብ፥ «ያ የአባትህ ድንጋይ ነው» ይሉታል። ስለዚህ እድሳቱ በሕዝቡ እጅ መሆኑ ወጪን ለማቃለል ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የጥበቃው ሥር እርሱ ራሱ ነው።

ካብ ብቻ አይበቃም

ይህን ሁሉ ብለን ካብ ከተካበ ነገሩ አበቃ ብንል ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። ከብቱ በውጭ ቢከለከልም ደኑን ከውስጥ ሆኖ የሚያጠፋ ነገር አለና። ይህንንም በትሕትና ግን በግልጽ መናገር ይገባናል፤ ጥፋቱ የጠላት ሳይሆን የእኛ የምእመናን ነውና።

አንደኛው የሕንፃው ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስትታደስና ስትሰፋ ደስ ይለናል። ዳሩ ግን አሮጌው ሕንፃ በአዲስ ሲተካ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፥ የእንግዳ ማረፊያ፥ የሰንበቴ ቤት ሲጨመር፥ መጀመሪያ የሚሠዋው ብዙ ጊዜ ዛፉ ነው። አንድ የመቶ ዓመት ጽድ ለአንድ ቀን ድግስ መቀመጫ ስፍራ ለማስፋት ሲቈረጥ፥ ቈራጩ የሚያስበው ስለ ዕለቱ እንግዳ ብቻ ነው። ሰበካ ጉባኤው አዲስ ነገር ለመሥራት በተነሣ ጊዜ፥ ከመሐንዲሱ ጋራ አስቀድሞ በዐጸዱ ዞሮ «ይህን ዛፍ ሳንነካ እንዴት እንሥራ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ መንገድ አይጠፋም።

ሁለተኛው የመቃብሩ ነገር ነው። ሙታናችንን ማክበር ደግ ነው። ነገር ግን በሲሚንቶና በእብነ በረድ የተሠራ ሐውልት በሐውልት ላይ ሲደራረብ፥ ዘር የሚወድቅበት አፈር አይቀርም። ለዘመድ መታሰቢያ አንድ ወይራ ወይም አንድ ዝግባ መትከል ከሐውልቱ ያነሰ ክብር አይደለም።

ሦስተኛው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ፥ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለውለታ ነው። ቶሎ ያድጋል፥ ተቈርጦም መልሶ ያቈጠቍጣል፥ ገንዘብም ያመጣል። መሬቷን ያጣች አንዲት የገጠር ደብር ለጣሪያዋ ቆርቆሮ፥ ለካህናቷም ጥቂት መተዳደሪያ ከባሕር ዛፍ ሽያጭ ብታገኝ የምንፈርድባት አይደለንም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ በጥንቱ ደን መካከል ሲገባ ውኃውንና ብርሃኑን ይሻማል፥ ከሥሩም ሌላ ችግኝ በቀላሉ አይነሣም። ስለዚህ ስፍራው ከካቡ ውጭ ይሁን። በውጭ ሆኖ ለማገዶና ለገንዘብ ያገልግል፤ ውስጡ ለጽድ፥ ለወይራ፥ ለኮሶና ለዝግባ ይተው።

በየቤቱ ምን እናድርግ?

የቤተሰብ አባት ወይም እናት የሆነ አንባቢ፥ «ይህ የካህናትና የሊቃውንት ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ዐጸዱ የሁላችን ስለ ሆነ ለሁሉም የሚሆን ሥራ አለ።

ልጆች ያሉት ሰው በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፥ እኛ ከተማሪዎቻችን ጋራ እንዳደረግነው፥ ከልጆቹ ጋራ አንድ ዛፍ መርጦ ልጆቹን ይቍጠርለት። ብዙ ካገኘ እግዚአብሔርን ያመስግን። ምንም ካላገኘ ያየውን ለሰበካ ጉባኤው ይንገር። በዐይን የታየ ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ ሽማግሎችን ያነሣሣልና።

ችግኝ ማፍላት የሚፈልግም ሰው ዘሩን ከሩቅ አይፈልግ፤ ከገዛ ዐጸዱ ታላላቅ ዛፎች ሥር ይልቀም። ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች ቢለቅም ይበልጣል፤ ከአንድ ቤት ብቻ የተገኘ ትውልድ ደካማ ይሆናልና። የወይራው ፍሬ ሥጋው ተልጦ፥ ጠንካራው ቅርፊት በጥንቃቄ ቢሰነጠቅ ቶሎ ይበቅላል። የጥቁር እንጨት ዘር ግን ሲቈይ ኀይሉን ስለሚያጣ ትኩስ ሳለ መዘራት ይገባዋል። ችግኙ ክረምቱ ሲጠና ይተከላል።

ከሁሉ ይልቅ የምንለምነው ግን ይህን ነው፤ የተተከለው አይረሳ። በየክረምቱ በአገራችን ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ግን የመጀመሪያውን በጋ ተሻግሮ የሚያየው ጥቂት ነው። ሕፃንን ክርስትና አስነሥቶ ጡት የሚከለክል እናት የለችም። እንግዲህ ልጁን ክርስትና ያስነሣ፥ ወይም ልጁን የዳረ ቤተሰብ፥ ለዚያ ቀን መታሰቢያ አንድ ችግኝ በዐጸዱ ቢተክል፥ እስከ ሦስት ዓመት ድረስም ውኃ የሚያጠጣውና የሚኰተኵተው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢመድብ፥ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ አጥቢያ ምን ያህል ዛፍ እንደሚያገኝ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

በመጨረሻ ስለዚያች ተማሪና ስለ ወይራዋ እንናገር። በዚያ ደብር ዙሪያውን ሁሉ በካብ ለማጠር ዐቅማችን አልፈቀደም ነበር። ስለዚህ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ተቀብለን፥ ከልጆቹ ጋራ ሆነን በዚያ በአንድ ወይራ ዙሪያ ብቻ በቀጋና በአጋም እሾህ አጥር አጠርን። አጥሩን ፍየል ሁለት ጊዜ ጣሰው፤ ልጆቹም ሁለት ጊዜ መልሰው አጠሩት። ከሁለት ክረምት በኋላ በአጥሩ ውስጥ ስንዝር የሚያህሉ ሰባት የወይራ ችግኞች ቈጠርን። ከእነዚህም ሦስቱን በጋው አደረቃቸው፤ አራቱ ቀሩ።

አራት ችግኝ ደን አይባልም፤ እኛም በዚህ አንመካም። ነገር ግን ያ ወይራ ከእንግዲህ ልጅ የለውም አይባልም። ልጅቱም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወረች በኋላ፥ ለበዓል ወደ ደብሩ በመጣች ቍጥር፥ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማ ስታበቃ ወደ እሾሁ አጥር ሄዳ አጐንብሳ ትቈጥራለች። አባቶቻችን ያለ ብዙ ንግግር ያቈዩልንን ጥላ፥ እኛም ለልጆቻችን ልጆች እንድናቈይ እግዚአብሔር ይርዳን።